ህንዱን የቀማችኝ ጎረቤቴ

አሰላ ውስጥ ያንን ህንዳዊ ተዋናይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። ስሙን አጣርተን መጥራት ስለማንችል ሴቶቹ ሁሉ «የኛ ሰውዬ» ነበር የምንለው። «የኛ» እንበለው እንጂ በልቤ የእኔ ነበር።

ያኔ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባሌም እዚያው ጂኦግራፊ ያስተምራል። ከተጋባን ብዙ አልቆየንም፤ ልጅም ገና አልወለድንም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋቢያችንን ደርበን ሲኒማ ቤት እንሄዳለን። ፊልሙ ከናዝሬት በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ ከዘገየ የባለፈው ሳምንቱ ይደገማል። ህንድኛውን የሚሰማ የለም። ከሥር በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ባሌ ቶሎ ቶሎ እያነበበ በጆሮዬ ይነግረኛል። ከሳምንቱ ሁሉ የምሳሳለት ሰዓት ያ ነበር።

ሰውዬውን መጀመሪያ ያየሁት ክፉ ባላባት ሆኖ ነው። ጅራፍ ይዞ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከመሬቱ ሲያባርር፣ ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች «ፊውዳል! ይውረድ!» እያሉ ይጮሁበት ነበር። እኔም ጠላሁት። ትንሽ ቆይቶ ዕውር ዘፋኝ ሆኖ መጣ። ያው ሰውዬ መሆኑን ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ባሌ አላመነኝም። ከመናገሩ በፊት የታች ከንፈሩን ነከስ የማድረግ ልማድ አለው፤ በዚያ ነው የለየሁት። ከዚያ በኋላ ኪስ አውላቂ ሆነ፤ የፖሊስ አዛዥ ሆነ፤ በልጅነታቸው የተጠፋፉ መንታ ወንድማማቾችን ሁለቱንም ራሱ ሆኖ ሠራ። ሰካራም ልብስ አጣቢ፣ የሴት ቀሚስ ለብሶ ከአሳዳጆቹ የሚያመልጥ አጭበርባሪ፣ ነጭ ፂም ለጥፎ ሴት ልጁን የሚድር አባት፣ ያልሆነው ነገር አልነበረም። አዳራሹ ሙሉ ሰው አዲስ ተዋናይ መጣ ብሎ ሲያስብ እኔ ከንፈሩን አይቼ «እሱ ነው» እላለሁ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኮራ ኖርኩ።

ኩራቴ ያበቃው ገብስ ስንለቅም ነው።

የሰሜኑ ጦርነት እየከፋ ሲሄድ ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሴት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለስንቅ ዝግጅት እንድትወጣ አዘዘ። የእኛ ድርሻ በሶ ነበር። ገብሱ ከበቆጂ በኩል በጆንያ ይመጣል፤ እኛ በቀበሌው አዳራሽ ክብ ሠርተን ተቀምጠን ጠጠሩንና እንክርዳዱን እንለቅማለን። ሌሎች ደጅ ላይ ይቆላሉ። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ቆፍጣና ሴት ነበረች። መጀመሪያ መፈክር ታሰማለች፣ ቀጥሎ መዝሙር ታስጀምራለች። መዝሙሩ አልቆ ጉሮሮ ሲደርቅ ግን የሚሰማው በሰፌድ ላይ የሚንከባለል ገብስ ብቻ ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር እየገባ እግራችንን ያደነዝዘዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሴቶቹ አንዷ፣ «አንቺ ሲኒማ አዘውታሪ፣ እስኪ የእሑዱን ፊልም ንገሪን» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰፌዴን አስቀምጬ ጀመርኩ። ሰውዬው ዕውር የሆነበትን ፊልም ነበር የማወራው፤ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ነበር።

«አንድ ዕውር ዘፋኝ አለ። ልጅ ሆኖ ነው ከእናቱ የጠፋው። ከዚያ እናቱ ሀብታም ቤት ሠራተኛ ናት። እሱ እዚያ ቤት ሊዘፍን ይመጣል። አይተዋወቁም። በመጨረሻ ይተዋወቃሉ። ከዚያ ትሞታለች።»

አፌን አፌን ያዩ ጀመር። ተጨማሪ የሚጠብቁ መስሎኝ፣ «አለቀ» አልኩ።

ያኔ ነው ጎረቤቴ የተናገረችው። በአንድ አጥር ነው የምንኖረው። የሁሩታ ልጅ ናት፤ ባሏ የእህል መኪና ሾፌር ነው። አማቷ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ስለዋሉ እሳቸውን ማስታመም የእሷ ሥራ ነው። ቅዳሜ ለቀበሌው ግዴታ ስትወጣ የባሏ አክስት ትተካላታለች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፅዋን አስተውዬ የማላውቅ ሴት ነበረች።

«ይቅርታ እህቴ» አለችኝ፣ «ያ ዕውሩ ሰውዬ ሲገባ እንዲህ አልነበረም?»

ተነሳች። ገብስ የሚያማስሉበትን ረጅም እንጨት አነሳችና ዓይኗን ጨፈነች። አገጯን ቀና አድርጋ፣ በእንጨቱ መሬቱን እየዳሰሰች፣ በክቡ መሐል መጣች። የማንንም ሰፌድ አልነካችም። አንድ ልጃቸው ግንባር የዘመተባቸው እናት ፊት ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውን ዳሰሰች። ከዚያ በወፍራም የወንድ ድምፅ፣ «አዮ?» አለች። በአርሲ ልጅ አፍ፣ እናቴ ማለቷ ነው።

«ወዬ ልጄ» አሉ እናቲቱ።

አዳራሹ ውስጥ የሚለቅም እጅ ጠፋ። ሊቀመንበሯ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጎረቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ታሪኩን ከዚያ ቀጠለች፤ ዕውሩንም እናቱንም ክፉዋን የቤት እመቤትም እየሆነች። ሲጨልም ነው የተበተንነው።

እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ፊልሙ ላይ ዕውሩ ሲገባ ጠረጴዛ ይመታውና እንግዶቹ ይስቁበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፊት የሚዳሰስበት ቦታ የለም። ቤት ስገባ ግን እኔም ያንን ቦታ ያየሁት መሰለኝና ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእሷ ሆነ። ፊልሙ ረቡዕም ስለሚታይ ረቡዕ ረቡዕ የምታየው መስሎን ነበር። ኪስ አውላቂውን ስትሆን ከሊቀመንበሯ ኪስ ቁልፍ አውጥታ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰችው። መንታዎቹን ስትሆን ነጠላዋን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ትከሻዋ እየጣለች ሁለቱን ታጣላለች፣ ታስታርቃለች። አንዲት የጉራጌ ባለሱቅ፣ ሱቋን ለልጇ ትታ ተራዋ ባልሆነበት ቀን ሁሉ መምጣት ጀመረች። ገብሱም እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አይለቀምም፤ ወሬው እንዳይቋረጥ እጅ ይፈጥናል። እኔ ሰፌዴ ላይ አቀርቅሬ ስህተቷን እለቅማለሁ። ያቺ ልጅ ቢጫ አልለበሰችም። ያ ፈረስ አልነበረም። ያኛው ወንድሙ እንጂ እሱ አይደለም የታሰረው።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። እሷ ባወራችው መጨረሻ ላይ እናትየዋ ከሆስፒታል ድና ወጣች።

«እናቲቱ እኮ ሞታለች!» አልኩ።

ጎረቤቴ ደንግጣ አየችኝ። ያቺ ባለሱቅ ግን እጇን በእኔ ላይ አወናጨፈች። «ተያት! አንቺ ምን አለብሽ፣ ብትኖር ምን ይቆረጥብሻል?» ግንባር ልጅ ያላቸው እናትም ሰፌዳቸውን ሳይለቁ፣ «ትኑር ልጄ» አሉኝ። «እዚህ እንኳ ትኑር።»

ወደ ሰፌዴ ተመለስኩ። ልክ እኔ ሆኜ ሳለ ጥፋተኛ ሆንኩ።

ይህ ሁሉ አንሶ ባሌ ተጨመረ። አንድ እሑድ ከሲኒማ ስንመለስ ጎረቤቴ የአማቷን አንሶላ አጥባ አጥሩ ላይ ታሰጣለች። ባሌ ቆም አለና፣ «እመቤት፣ የዕውሩን አገባብ ስታሳዪ በአዳራሹ መስኮት አይቼሻለሁ። እስኪ ያንን ልብስ አጣቢ አሳዪኝ» አላት። እሷ እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድ እግሯን እየጎተተች፣ ከሸክሙ ይልቅ ስካሩ የከበደውን ሰውዬ ሆነች። ባሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ቁልፉን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ገብተን በሩን እንደዘጋሁ፣ «ያንን ፊልም አብረን አይተነው የለም እንዴ?» አልኩት።

«አይተነዋል።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ ገና ሳቁ ሳይለቀው። «ፊልሙ ላይ እግሩን አይጎትትም እኮ። ግን መጎተት ነበረበት።»

ከዚያ በኋላ ሲኒማ ቤት በጆሮዬ ሲያነብልኝ ድምፁ ሌላ መሰለኝ። አንዳንዴም ማንበቡን ትቶ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። እሷ ይህንን እንዴት እንደምታደርገው እያሰበ መሆኑን አውቃለሁ። በአንዱ ቅናት ላይ ሁለተኛ ተጨመረብኝ፤ ህንዱንም ወሰደችብኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠውንም።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ህንዳዊ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። የፈተና ወረቀታቸውን ለማባዣ በስቴንስል የምመታላቸው እኔ ነኝ። ሚስታቸውን ሁላችንም «ማዳም» እንላቸዋለን። ማዳም አማርኛ የተማሩት ከዘበኛቸው ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን ወረቀት ላደርስ ስሄድ ስለ ሰውዬው ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው በራ። «አንተ እሱን ታውቃለህ? ግባ፣ ግባ፣ ቁጭ በል!» አሉኝ።

ያን ቀን የሰውዬውን ሕይወት ሙሉ ነገሩኝ። ሲጀምር ከንጉሥ ኋላ ቆሞ ጃንጥላ የሚይዝ፣ አንድ ቃል የማይናገር ሰው ነበር። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ክፉ ሰው ብቻ አድርገው አሠሩት። በትውልድ ከተማው የገበያ ሴቶች ሽንኩርት አንሸጥልህም ብለውት ያውቃሉ፤ ያንን የፊልሙን ክፋት አምነውበት። ሰው የሚያስቅ መሆኑ የታወቀው አንድ ቀልደኛ ተዋናይ ታሞ ሲቀር በእሱ ቦታ ሰካራም ሆኖ በሠራ ጊዜ ነው። ዋና አፍቃሪ መሆን የጀመረው ሌሎቹ በሚተዉበት ዕድሜ ነው። የምናየው ፀጉር የራሱ አይደለም፤ መላጣ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንዲት ተዋናይት ባሏም አባቷም ሆኖ ሠርቷል። «እሱ ሁሉን ይሆናል» አሉኝ ማዳም። «ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

ይህን ሁሉ ይዤ ቅዳሜ በጉጉት ሄድኩ። አሁን ማን እንደሚያውቀው ይታያል አልኩ። ገና መላጣ ነው ስል ሴቶቹ ተንጫጩ። «ውይ፣ ምን ቤት ነሽ? ለምን ትነግሪናለሽ?» ጎረቤቴ ብቻ ናት በጥሞና ያዳመጠችኝ። «ጃንጥላ ይይዝ ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ስንት ዓመት ሳይናገር?» የዚያኑ ዕለት አንድ ቃል የማይናገር ጃንጥላ ያዥ በታሪኳ ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹም ከንጉሡ ይልቅ እሱን ወደዱት። ያመጣሁትን ስንቅ ዓይኔ እያየ በላችው።

የቀረኝ ማዳምን ራሳቸውን ማምጣት ነበር። ቋንቋው የገባቸው፣ ፊልሞቹን ሁሉ ያዩ ሰው ሲናገሩ የሷ ነገር ያበቃል ብዬ ነው። ማዳም ደስ ብሏቸው መጡ። በሳሪያቸው ላይ የባላቸውን ሹራብ ደርበው፣ እንደ እኛ ሰፌድ ተቀብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሊቀመንበሯ «የወንድም ሕዝብ ተወካይ» ብላ አስጨበጨበችላቸው።

ጎረቤቴ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ጀመረች። ሰውዬው አሁን ሽማግሌ ዳኛ ነው። ፊቱ ያቀረቡለት ሌባ የገዛ ልጁ ነው፤ ማንም አያውቅም፣ እሱ ብቻ በልጁ ጆሮ ጀርባ ያለውን ጠባሳ አይቶ አውቆታል። ጎረቤቴ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልጁን ላለማየት ስትሞክር አየናት። ከመናገሯ በፊት የታች ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

ያንን እኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌ ብቻ ነው የነገርኩት። እሱ ነግሯት ይሆን?

«ማዳም» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ፊልሙ እንደዚህ ነው?»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ማዳም ጉንጫቸውን በሹራቡ እጅጌ ጠረጉ።

«አይደለም» አሉ። «ይሄ ፊልም የለም። የትም የለም።»

ጎረቤቴ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። አልዋሽም፣ የዚያችን አፍታ ጣፋጭነት እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ግን አፍታ ብቻ ነበረች። ማዳም ወደ ጎረቤቴ ጠጋ አሉና እጇን ያዙ።

«ከዚያስ?» አሏት። «አንተ ቀጥል እንጂ! ልጁን ፈረደበት?»

ወደ ቤታችን ስንመለስ እኔና ጎረቤቴ ብቻ ነበርን። ሲኒማ ቤቱ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«የትኛውን ፊልም ነው የምታወሪልን? እውነቱን ንገሪኝ።»

ቆመች። በሩ አጠገብ ያለውን የመስታወት ሳጥን በአገጯ አሳየችኝ። የሚታየው ፊልም ፎቶዎች እዚያ ይለጠፋሉ።

«እኔ ገብቼ አላውቅም» አለች። «አማቴን ለማን ትቼ? ቀበሌ ነው ካልኩ አክስቲቱ ትመጣለች፤ ሲኒማ ነው ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ? ወፍጮ ቤት ስሄድ እነዚህን አያለሁ። ፊቱን አየውና፣ ይሄ ሰው አሁን ምን ሆኖ ይሆን፣ ማን ምን ብሎት ይሆን እላለሁ። ቤት ስገባ ለአማቴ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ካለቀሱ ለእናንተ አመጣዋለሁ።»

«ከንፈሩንስ?»

«የቱን ከንፈሩን?»

«የሚነክሰውን።»

ፎቶዎቹን ደግማ አየቻቸው። «እዚህኛው ላይ ጥርሱ ምልክት ትቶ የለም እንዴ?» አለች። ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም ነበር። በዚያ በር ስገባ ስወጣ ኖሬ፣ አንድም ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም።

እኔ ገንዘብ ከፍዬ፣ አስተርጓሚ አጠገቤ አስቀምጬ ባየሁት፣ እሷ ምንም ሳታይ በለጠችኝ። የበለጠ ብታይ ኖሮ እችለው ነበር። ያነሰ ማየቷን ግን አልቻልኩትም።

«በሚቀጥለው እሑድ እወስድሻለሁ» አልኳት። ደግነት አልነበረም። አንዴ ትክክለኛውን ፊልም ካየች እንደ እኔ ትሆናለች ብዬ ነው። ለባሌ ስነግረው፣ አማቷን ማን ይጠብቃቸዋል ብዬ ሳልጨርስ፣ «እኔ እቀመጣለሁ» አለ። ፈጣን ነበር መልሱ። እሱንም ቆጠርኩበት።

እሑድ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጥታለች። መብራቱ ሲጠፋ ክንዴን ያዘችኝ። ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ነበር የመጣው። ባቡሩን አየት አድርጋ ተወችው፤ ፊቱን ብቻ ነው የምትከተለው። ከዚያ ተናገረ። ክንዴ ላይ ያለው እጇ ላላ።

ከሲኒማ ቤቱ ከራቅን በኋላ፣ «ድምፁ ቀጭን ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«አይ» አለች፣ አንድ ሰው ያሳዘናት ይመስል። «እኔ እንደ አባቴ ነበር የማደርገው። አባቴ ሲናገር ከሩቅ ነው የሚሰማው።» ትንሽ ሄደችና፣ «እሱ አይከፋም እንግዲህ። ሥራውን ይሠራል» አለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የባቡር ጣቢያውን ኃላፊ አመጣችው፤ በዚያው በአባቷ ድምፅ። ፊልሙን ማየቷ ምንም አላጎደለባትም። የጎደለው የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሲኒማ ቤት ተቀምጬ ሰውዬው አፉን ሲከፍት፣ የሚሰማኝ ያ ቀጭኑ የራሱ ድምፅ ሳይሆን የሁሩታው አባቷ ወፍራም ድምፅ ሆነ። በጨለማው ውስጥ እንኳ ብቻዬን አልተወችኝም።

አማቷ ካረፉ በኋላ የባሏ መሥሪያ ቤት ወደ አቦምሳ አዛወረው። ዕቃዋን መኪናው ላይ ሲጭኑ ሴቶቹ አለቀሱ። ባሌ አልጋዋን ተሸክሞ አወጣላት። እኔን አቅፋኝ፣ «አቦምሳ ሲኒማ የለም አሉ» አለችኝ። «ባለቤቴ እህል ሊያራግፍ ሲመጣ በናንተ በኩል ያልፋል። ፎቶዎቹ ላይ ያለውን ንገሪልኝ፤ ፊልሙን ተዪው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። የምችለውን ያህል ተናገርኩ፤ ተነስቼም ሞከርኩ። በትህትና አዳመጡኝ። ሳበቃ ሊቀመንበሯ መዝሙር አስጀመረች።

ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ እየመጣ በሬን ያንኳኳል። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አቧራውን ከኮቱ እያራገፈ፣ «‹ፎቶው ላይ ምን አለ?› ብላለች» ይለኛል። የመጀመሪያውን ጊዜ የነገርኩትን አስታውሳለሁ። «አንድ ጋሪ አለ። በር ላይ የቆመች ልጅ አለች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው። እሱ ፂሙን ተላጭቶ ጀርባውን ሰጥቷታል።»

በቃሉ ለመያዝ ደገመው። «ጋሪ፣ ባዶ እግር፣ ጀርባ። ይበቃታል» አለና መኪናው ላይ ወጣ።

በሩን ይዤ መኪናው እስኪታጠፍ አየሁት። ያንን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር። ልጅቷ ጫማዋን የጣለችው እየሮጠች ስለነበር ነው፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም። አቦምሳ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺ ልጅ ጫማዋን ለምን እንዳወለቀች፣ እሱም ለምን እንዳላያት የሚሰሙ ሴቶች ነበሩ። እኔ ከእነሱ ጋር አልነበርኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እስከ ዛሬም እቀናለሁ።